የበረሃ አንበጣና የደጋው ጤፍ

የበረሃ አንበጣ፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ የደረቅ ምድር ፍጥረት ነው። መኖሪያው ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ተነሥቶ የሰሐራን በረሃ፣ የቀይ ባሕርን ግራና ቀኝ ዳርቻ፣ የዓረብ ልሳነ ምድርን እያካለለ እስከ ፓኪስታንና ሕንድ ድንበር የሚዘልቅ፣ ስፋቱ ወደ 16 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚገመት፣ በዓመት ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናብ የሚጥልበት፣ አሸዋው በሣርና በአጫጭር ቁጥቋጦ ሣሣ ብሎ የተሸፈነ አገር ነው። ከዚህ ምድር ጋር ሲነጻጸር ጎንደር ሌላ ዓለም ናት፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ክረምቷም ዝናባም ነው፤ ከእርሷ በስተሰሜን ያሉት ወገራ፣ ዳባትና ደባርቅ ደግሞ ይበልጥ የከበዱ ደጋዎች ናቸው። ስለዚህ ስለ አንድ የበረሃ ፍጥረት በጎንደር ሕዝብ ፊት መናገር ምን ይረባል የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን የአገሩ አቀማመጥ ራሱ ይሰጣል።

ከጎንደር በስተምዕራብ፣ ጭልጋ ታልፎ ቆላው ወደ መተማ ሲወርድ፣ የሱዳን ሜዳ ይጀምራል፤ የሱዳን መካከለኛና ሰሜናዊ ክፍልም በክረምቱ ወራት አንበጣው ከሚራባባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ ነው። በስተሰሜን ምሥራቅ ደግሞ የስሜን ተራሮችና የተከዜ ሸለቆ ከታለፉ በኋላ ደጋው እየተሰበረ ወደ ቀይ ባሕር ጠረፍ ይወርዳል፤ የዚያ ጠረፍ ዝናብ የሚጥለው ደጋው በሚደርቅበት በበጋ በመሆኑ፣ ሱዳን ላይ ሣሩ ሲያልቅበት አንበጣው የሚሸሽበት ሁለተኛ መራቢያው ያ ነው። የሰሜን ጎንደር ደጋ እንግዲህ በሁለት መራቢያዎች መካከል እንደ ግንብ ቆሟል ማለት ይቻላል። ነፋሱ ፊቱን የሚያዞረው፣ መንጋ ከተፈጠረም ከሱዳን ሜዳ ወደ ቀይ ባሕር የሚሻገረው፣ በመስከረም ማለቂያና በጥቅምት ነው፤ ያ ጊዜ በደምቢያና በወገራ ጤፉ የሚያሸትበት፣ ገበሬው የዓመት ልፋቱን በዓይኑ አይቶ ገና በእጁ ያልጨበጠበት ጊዜ ነው። የተራራው ቅዝቃዜ ብዙ ጊዜ ደጋውን ይጠብቀዋል፤ አንበጣ ፀሐይ ካላሞቀችው ክንፉን አያነሣምና፣ በብርዳም ቦታ ያደረ መንጋ ረፋድ እስኪሆን ድረስ ደንዝዞ ከቅርንጫፉ እንደተጣበቀ ይቆያል። ዳሩ ግን ሸለቆዎቹ ሞቃት ናቸው፤ ግንቡም በሮች አሉት።

የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ፍጥረትና ዘመዶቹን በአንድ ስም ብቻ አይጠራም። ለብቻው በሣር መካከል ብድግ ቁጭ የሚለውን ፌንጣ ይለዋል፤ በመንጋ ሰማይ ሸፍኖ የሚመጣውን አንበጣ ይለዋል፤ ክንፍ ሳያወጣ ምድር ለምድር እየዘለለ የሚጓዘውን ደግሞ ኩብኩባ ይለዋል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በትንቢተ ኢዩኤል መግቢያ፣ ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያና ኩብኩባ በተከታታይ ይጠቀሳሉ፤ ከእነዚህ ተምች ዛሬ እህል ለሚበላው ትል የተሰጠ ስም ሆኗል፣ ደጎብያ ከመጽሐፍ ውጭ እምብዛም አይሰማም። እነዚህ ቃላት የዕድሜንና የጠባይን ልዩነት ሳይንሱ ከመድረሱ በፊት ለይተው የያዙ ስለሆኑ፣ የግብርና ትምህርት በአማርኛ ሲጻፍ በባዕድ ቃል ባይተኩ ይበጃል።

ከእነዚህ ጋር መቀላቀል የሌለበት ሌላ የቁጥቋጦ ነዋሪ ሲካዳ የተባለው ነው። በቆላው ግራር ላይ ተጣብቆ በቀትር ሐሩር ጆሮ እስኪያደነቁር የሚጮኸው ይህ ፍጥረት የአንበጣ ዘመድ አይደለም፤ የሚያኝክ መንጋጋ የለውም፣ እንደ መርፌ በሾለ አፉ የእንጨቱን ውኃ ይመጥጣል እንጂ ቅጠል አይበላም፤ ድምፁንም የሚያወጣው ወንዱ በሆዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ስስ ሽፋኖች በጡንቻው እያርገበገበ ነው። በሰሜን አሜሪካ ከአውሮፓ የሄዱ ሰፋሪዎች በ13 እና በ17 ዓመት አንዴ ከመሬት የሚፈልቀውን የዚያን አገር ሲካዳ ባዩ ጊዜ የመጽሐፍ ቅዱሱ መቅሠፍት መሰላቸውና አንበጣ ብለው ጠሩት፤ ስሙም እስከ ዛሬ በሕዝቡ አፍ ቀርቷል። ስለዚህ ከዚያ አገር የመጣ ጽሑፍ አንበጣ ሲል የትኛውን እንደሚል መመርመር ያስፈልጋል።

የበረሃ አንበጣ በሳይንስ ስሙ ሺስቶሰርካ ግሬጋሪያ ይባላል፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን መንጋ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ሆኖም ይህ ፍጥረት አብዛኛውን ዘመኑን የሚያሳልፈው መንጋ ሆኖ አይደለም። በተለመደው ዓመት በበረሃው ቁጥቋጦ ሥር ለየብቻው ይኖራል፤ የአሸዋ ወይም የደረቅ ሣር መልክ ስላለው በቀላሉ አይታይም፤ የራሱን ወገን ሲያገኝ ፈቀቅ ይላል፤ የሚበረውም ጠላቶቹ በማያዩት ሌሊት ነው። ልጆቹ አረንጓዴ ናቸው። ይህ ሁኔታ የብቸኝነት ጠባይ ይባላል። ሁለተኛው የመንጋ ጠባይ ነው፤ በዚህ ጊዜ ኩብኩባው ቢጫና ጥቁር ይሆናል፣ ክንፍ እንዳወጣ ሐምራዊ ይመስላል፣ ለመራባት ሲደርስ ደማቅ ቢጫ ይለብሳል፣ በቀን ይበርራል፣ ወገኑንም ይፈልጋል። ልዩነቱ እጅግ የሰፋ በመሆኑ የቀድሞ ሊቃውንት በሌላው የአንበጣ ዓይነት፣ ፈላሹ አንበጣ በሚባለው፣ ሁለቱን ጠባዮች እንደ ሁለት የተለያዩ ፍጥረቶች ቆጥረው ሁለት ስም ሰጥተዋቸው ነበር። በሩሲያ ግዛት ተወልዶ ኋላ በለንደን የሠራው የነፍሳት ሊቅ ቦሪስ ኡቫሮቭ እ.ኤ.አ. በ1921 ሁለቱ አንድ ፍጥረት መሆናቸውን፣ አንዱ ወደ ሌላው እንደሚለወጥ አስታወቀ፤ አንበጣው መንጋ ባልሆነባቸው ዓመታት የት ይሄዳል የሚለው የዘመናት ጥያቄም በዚህ መልስ አገኘ። የትም አይሄድም፤ እዚያው ቁጥቋጦ ሥር ነው።

ለውጡ በምን እንደሚጀመር ለመረዳት ወደ አንድ ቁጥቋጦ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ዝናብ ጥሎ በረሃው ለምልሞ ከነበረ አንበጣው ተራብቷል፤ ዝናቡ ሲያቆም ግን ሣሩ ከዳር ጀምሮ እየደረቀ፣ እርጥበት ባለበት በጥቂት ቦታ ብቻ ቅጠል ይቀራል። ወገናቸውን ይሸሹ የነበሩት አንበጦች በረኃብ ተገፍተው በዚያች በቀረችው ቁጥቋጦ ላይ ይሰበሰባሉ፤ በአንዲት ቅርንጫፍ ላይ ሲተራመሱም እግር ለእግር ይነካካሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ በሆነ ጥናት የኋላ እግሩ ጭን ውጫዊ ገጽ በለስላሳ ብሩሽ ደጋግሞ የተዳሰሰ ብቸኛ አንበጣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከመሸሽ ወደ መቅረብ ጠባዩን እንደሚለውጥ ታየ፤ ሌላው የሰውነቱ ክፍል ቢዳሰስ ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ያሉ ተመራማሪዎች በዚያ ጊዜ በአንበጣው የነርቭ ሥርዓት ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር እንደሚጨምር፣ ንጥረ ነገሩ እንዳይሠራ ሲደረግም አንበጣው ብቸኛ ሆኖ እንደሚቀር አሳዩ። ሴሮቶኒን በነርቮች መካከል መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል ሲሆን በሰው አእምሮም ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ አገር የሚያጠፋው መቅሠፍት የሚጀምረው በረሃ ውስጥ፣ ሰው በማያይበት ቦታ፣ የአንዱ እግር የሌላውን እግር በመንካቱ ነው። ይህ ከነፍሳት ጥናት ግኝቶች ሁሉ በሕዝብ ዘንድ ሊታወቅ ከሚገባቸው ዋነኛው ነው።

ጠባዩ በሰዓታት ቢለወጥም መልኩና የአካሉ ቅርጽ የሚለወጡት ከትውልድ ወደ ትውልድ ነው፤ በመተራመስ ውስጥ የኖረች እናት የምትወልዳቸው ልጆች ገና ከእንቁላል ሲወጡ የጠቆሩና መሰብሰብ የሚወዱ ይሆናሉ። እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው እርጥበት ባለው አሸዋማ አፈር ነው። ሆዷን እንደ ቧንቧ እየሳበች ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ አፈሩን ትሰረስራለች፤ አፈሩ ከላይ ደረቅ ቢሆን እንኳ ከሥር እርጥብ መሆኑን በሆዷ ጫፍ ታረጋግጣለች፤ ካልተስማማት ትታው ሌላ ቦታ ትሞክራለች። ከተስማማት እንቁላሎቿን እንደ ሩዝ ፍሬ ደርድራ ታስቀምጥና ጉድጓዱን እስከ አፉ በአረፋ ትሞላዋለች፤ አረፋው ሲደርቅ ኩብኩባዎቹ የሚወጡበት መንገድ ይሆናል። የመንጋዋ እናት በአንድ ጊዜ የምትጥለው ከ80 ያነሰ፣ የብቸኛዋ ደግሞ ከ95 እስከ 158 የሚደርስ እንቁላል ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜዋ ቢያንስ 3 ጊዜ ትጥላለች። ከመንጋ በኋላ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ውስጥ እስከ 1,000 የእንቁላል ከረጢት የተገኘበት ጊዜ አለ። አንድ ትውልድ 3 ወር ገደማ ስለሚፈጅ፣ ዝናቡ ከተከታተለ ቁጥሩ በ3 ወር 20 እጥፍ፣ በ6 ወር 400 እጥፍ፣ በ9 ወር 8,000 እጥፍ ሊሆን እንደሚችል የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ያስረዳል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በጥቂት ሰዎች የሚገታው ነገር በ9ኛው ወር አውሮፕላን የማይበቃው የሚሆነው በዚህ ስሌት ነው።

ኩብኩባው ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ 5 ወይም 6 ጊዜ ቆዳውን ይጥላል። በዚህ ዕድሜው ተሰልፎ ይሄዳል፤ ሲታይ አንድ መሪ ያለው ሠራዊት ይመስላል፣ ነገር ግን መሪ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው ሰልፉን ከሚገፉት ነገሮች አንዱ የኋለኛው የፊተኛውን መንከሱ ነው፤ የቆመ ወይም የተዘናጋ በወገኑ ይበላል፣ ስለዚህ ሁሉም ወደፊት ይሸሻል፣ ሽሽቱም ጉዞ ይሆናል። ክንፍ ካወጣ በኋላ የሚመራው ነፋስ ነው። ሬጂናልድ ሬይኒ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1951 እንዳስረዳው መንጋ ከነፋስ ጋር ስለሚሄድ መጨረሻው ነፋሳት ወደሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ነፋሳት የሚገናኙበት ቦታም ዝናብ የሚጥልበት ነው። አንበጣው ዝናብን አውቆ የሚፈልግ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ነፋሱ ራሱ ወደ ዝናቡ ያደርሰዋል። በቀን እስከ 130 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊጓዝ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የተነሣ መንጋ ከምዕራብ አፍሪካ አትላንቲክ ውቅያኖስን አቋርጦ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል በ10 ቀን ውስጥ ተጉዞ ካሪቢያን ደሴቶች ደርሷል። ውቅያኖስ ያላገደውን መንጋ የተከዜ ሸለቆ ያግደዋል ተብሎ አይታሰብም።

የመንጋ ብዛት በቃል ሲነገር ማጋነን ስለሚመስል በሚዛን መናገር ይሻላል። አንድ ያደገ አንበጣ 2 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በቀንም የክብደቱን ያህል ይበላል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይገኛል፤ ትንሹን ቁጥር እንኳ ብንወስድ በአንድ ቀን 80 ቶን፣ ማለትም 800 ኩንታል ለምለም ነገር ይበላል ማለት ነው። ይህም 35,000 ሰው በአንድ ቀን ከሚመገበው ጋር እኩል ነው ተብሎ ይገመታል። እርሱም አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሸፈነው ነው።

የኢትዮጵያ ደጋ ይህን ያወቀው ከጥንት ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1540 በሊዝበን በታተመው መጽሐፉ፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ያየውን የአንበጣ ወረራ በሰፊው ጽፏል፤ የፍጥረቱንም ስም ከሰማው አማርኛ ወስዶ አንበጣ ብሎ በፖርቱጋል ፊደል አስቀምጦታል። ሕዝቡ በምሕላ እንደወጣ፣ ራሱም ከአንበጦቹ ጥቂት አስይዞ የግዝት ቃል አንብቦባቸው እንደለቀቃቸው ይተርካል። ይህ ትረካ ዛሬ እንደ ተረት ቢነበብም፣ ቄሱ የጻፈው ሕዝቡ እርሻው እያየ ሲጠፋ የነበረበትን ጭንቀት ነውና በጥሞና ሊነበብ ይገባዋል።

በጎንደር ምድር ትዝታ ውስጥ ግን ከሁሉ የሚከብደው ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ነው። በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው የደርቡሽ ጦር ጎንደርን ባቃጠለበት ዘመን የከብት እልቂት አገሩን በሙሉ ጠርጎት ነበር፤ በሬ ያለቀበት ገበሬ በዶማ ቆፍሮ የዘራትን ጥቂት እህል ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተቀባበሉበት። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ይህ ረኃብ የአንበጣ ሥራ ብቻ አልነበረም፤ የአንበጣን ክፋት ግን በትክክል ያሳያል፣ አንበጣ ብቻውን ሲመጣ የሚጎዳውን ሰው፣ ከሌላ መከራ ጋር ሲመጣ ይገድለዋልና። እ.ኤ.አ. በ1958 የሆነውም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ አንበጣ ያጠፋው እህል 167,000 ቶን ወይም 1 ሚሊዮን 670 ሺህ ኩንታል እንደነበር፣ ይህም አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ ዓመት ሊቀልብ ይችል እንደነበር የምግብና የእርሻ ድርጅት መዝግቧል፤ ዝናብ በጠፋበት ትግራይም ብርቱ ረኃብ ገብቷል።

የቅርቡ ወረራ ከየት እንደተነሣ በዝርዝር ስለሚታወቅ ከሁሉ የበለጠ ያስተምራል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. መኩኑ የተባለ አውሎ ነፋስ ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ በዓረብ ልሳነ ምድር ደቡብ፣ ዓረቦች ሩብ አልኻሊ ማለትም ባዶው ሩብ በሚሉት በረሃ ላይ ዝናብ አፈሰሰ፤ በአሸዋ ክምሮች መካከል ኩሬዎች ታዩ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሉባን የተባለው ሁለተኛ አውሎ ነፋስ ያንኑ አካባቢ ደገመው። ሰው የማይኖርበትና መንገድ የሌለው አገር ስለሆነ አንበጣው ማንም ሳያየው 3 ትውልድ ተራባ። ከዚያ ጦርነት ወዳደቀቃት የመን ተሻገረ፤ በዚያም የሚከላከለው ጠፋ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቀይ ባሕርንና የኤደንን ባሕረ ሰላጤ አቋርጦ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ገባ፤ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራትም በምሥራቅ አፍሪካ ከልክ ያለፈ ዝናብ ስለጣለ መራባቱ ቀጠለ። በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ በተደረገው ግምገማ በኢትዮጵያ 200,000 ሄክታር የሚጠጋ ሰብል መጎዳቱና ከ356,000 ቶን በላይ እህል መጥፋቱ፣ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰውም ለምግብ እጥረት መጋለጡ ተገለጸ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ፣ ሰብሉ ሊታጨድ ሲል፣ መንጋው ከአፋር ሜዳ ወደ ሰሜን ወሎ፣ ወደ ደቡብ ወሎና ወደ ሰሜን ሸዋ ምሥራቃዊ ጠርዝ ወጣ። በጎንደርና በወሎ መካከል ያለው ርቀት ለአንበጣ የጥቂት ቀን መንገድ ነው።

እንዲህ ያለ መንጋ እርሻው ላይ ሲያርፍ ገበሬው ያለውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። ጅራፍ ይጮኻል፣ ቆርቆሮ ይደበደባል፣ ጭስ ይጨሳል፣ ልጅ አዋቂው በእርሻው መካከል እየሮጠ ይጮኻል። ይህ ከንቱ ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባም፤ መንጋው ገና ሳያርፍ ወይም ለማደር ሳይረጋ ሲሆን እርሻን ያድናል። ሆኖም የተነሣው መንጋ አይሞትም፤ ወደ ጎረቤት ያልፋል። ገበሬውም ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ የጎረቤቱን ጩኸት እየሰማ የራሱን እርሻ ሲጠብቅ ያደረ ሰው ልቡ ውስጥ የሚኖረው ሐዘን በሪፖርት አይጻፍም።

የኬሚካል ርጭት መንጋውን ይገድላል፤ ትንሽ መጠን ያለው ፈሳሽ እንደ ጉም ደቅቆ ከአውሮፕላን ወይም ከመኪና ይረጫል፤ ውጤታማ የሚሆነውም መንጋው በብርድ ደንዝዞ ባለበት ማለዳ ነው። ነገር ግን ማላታይንና ክሎርፓይሪፎስን የመሳሰሉት መድኃኒቶች አንበጣን ከንብ ለይተው አይገድሉም፤ በደጋው ደግሞ በጥቅምት የሚደረገው ርጭት አደይ አበባ ካበበበት፣ ንቧም ማር ከምትሠራበት ወቅት ጋር ይገጥማል። በዚህ ምክንያት ሜታራይዚየም የተባለው ፈንገስ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 በተጀመረ ዓለም አቀፍ የምርምር ፕሮግራም የጎለበተው ይህ ፈንገስ በአንበጣው ቆዳ ላይ በቅሎ ወደ ውስጥ እየሰረሰረ ይገድለዋል፤ ንብንና ሌሎች ፍጥረቶችን ብዙም አይጎዳም። ድክመቱ መዘግየቱ ነው፤ አንበጣውን ለመግደል ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። ጤፉ ላይ ላረፈ መንጋ አይረዳም፤ በበረሃ ላለ ኩብኩባ ግን ይበቃል። ገርና ንጹሕ የሆነው መሣሪያ ሁሉ ጊዜ የሚጠይቅ መሆኑ ጉዳዩን ዳግመኛ ወደ በረሃው ቁጥቋጦ ይመልሰዋል።

ከሩቅ ከሚመጣው ጋር ከእግር ሥር ያለውንም ማወቅ ይገባል። በጎንደር፣ በወሎ፣ በትግራይና በሰሜን ሸዋ ጤፍ አምራች አካባቢዎች ደገዛ የሚባል ፍጥረት አለ፤ የእንግሊዝ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሊቅ ዴቪድ ራግ እ.ኤ.አ. በ1977 ለሳይንስ ሲመዘግበው ዴክቲኮይዴስ ብሬቪፔኒስ ብሎታል፤ ሁለተኛው ቃል አጭር ክንፍ ማለት ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ አይታወቅም። ከአንበጣ የሚለየው በመጀመሪያ በአንቴናው ነው፤ የአንበጣ አንቴና አጭርና ወፈር ያለ ሲሆን የደገዛ እንደ ክር ቀጥኖ ይረዝማል። ወንዱ አጫጭር የፊት ክንፎቹን እርስ በርስ እያፋተገ ይዘፍናል፤ ሴቷ የምትሰማበት ጆሮ ከፊት እግሮቿ ላይ፣ ከጉልበቷ በታች ነው። ሴቷ በሆዷ ጫፍ እንደ ጎራዴ የሾለ መትከያ አላት፤ በእርሷም እንቁላሏን አፈር ውስጥ፣ በተለይም በበጋ እየተሰነጠቀ በሚደርቀው ጥቁር ዋልካ ውስጥ ታኖራለች። ደገዛ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይራባል፤ እንቁላሉ በጋውን በሙሉ በአፈር ውስጥ ተኝቶ ክረምት ሲገባ ይፈለፈላል፣ ያደገውም የጤፉ ፍሬ ወተት በሚቋጥርበት ጊዜ ይደርስና ዘለላውን ይበላል። መብረር ስለማይችል የተወለደበትን ቀበሌ አይለቅም። ሰማይ አይሸፍንም፣ ዜና አይሆንም፤ ገበሬው ግን ስሙን ከነጠባዩ ያውቀዋል። ለአንበጣ የሚከፈለው ትኩረት ግማሹ እንኳ ለደገዛ ቢሰጥ የጎንደር ጤፍ አምራች ብዙ ይጠቀም ነበር፤ ምክንያቱም ይህ የደጋው የራሱ ጠላት ነው፣ የሚያጠናውም ከዚህ ምድር ሰው የተሻለ የለም።

አንበጣው ግን የአንድ አገር አይደለም፤ መከላከሉም እንደዚያው። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1962 በስምምነት ያቋቋሙት፣ ኢትዮጵያም ያለችበት የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት የተፈጠረው መንጋ ድንበር ስለማያውቅ ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት የሚፈተነው መንጋ በመጣበት ዓመት ይመስላል፤ ከዚያ ይበልጥ የሚፈተነው ግን መንጋ በሌለባቸው 10 እና 15 ዓመታት ነው። አንበጣ በጠፋበት ዘመን ለመኪናው ነዳጅ፣ ለሠራተኛው ውሎ አበል መመደብ ለበጀት አውጪ ብክነት ይመስለዋል፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች ጡረታ ይወጣሉ፣ በቦታቸው የሚተካ አይሠለጥንም፣ መኪናው ይቆማል። ከዚያ አንድ አውሎ ነፋስ በባዶው ሩብ ላይ ዝናብ ያፈሳል። የ2012 እና የ2013 ዓ.ም. ወረራ የዝናብ ብቻ ሳይሆን የዚህም ውጤት እንደነበር መናገር ያስፈልጋል።

በኅዳር ወር፣ በደምቢያ ሜዳ ጤፉ ታጭዶ ሲከመር፣ በቀይ ባሕር ጠረፍ የበጋው ዝናብ ጀምሮ ሣሩ ብቅ ይላል። የአንበጣ ቅኝት ባለሙያ በዚያ ጊዜ መኪናውን አቁሞ ወደ ቁጥቋጦው ይገባል፤ ጥቂት መቶ ሜትር በእግሩ እየሄደ ከፊቱ ብድግ የሚሉትን አንበጦች አንድ በአንድ ይቆጥራል፣ አፈሩን በእጁ ጭሮ እርጥበቱ ምን ያህል ጥልቀት እንደደረሰ ይለካል፣ ኩብኩባ ካገኘ መልኩ አረንጓዴ ይሁን ጥቁር ያለበት ይሁን አጎንብሶ ያያል፤ ያየውንም ከቦታው አድራሻ ጋር መዝግቦ ይልካል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘግበው ጥቂት አረንጓዴ ኩብኩባ፣ ተራርቆ የተቀመጠ፣ የሚል ነው፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ቁጥቋጦ ይሄዳል።